የዝንብ ሕግ

የትምህርት ቤታችን ሜዳ አንድ ብቻ ነው። እሱንም የእረፍት ደወል ተደውሎ ሳያበቃ ወንዶቹ ይይዙታል። ኳሱን ከየት እንደሚያወጡት እንጃ፣ ደወሉ ገና እየጮኸ መሬት ላይ ነው። እኛ ሴቶቹ ግድግዳ ሥር ሱዚ እንዘላለን፤ ሱዚ ያላት ልጅ የቀረች ቀን ደግሞ ግድግዳውን ተደግፈን እነሱን እናያለን። ዘጠነኛ ክፍል እስክገባ ድረስ ይህ ነገር ከንክኖኝ አያውቅም። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ከነከነኝ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከከነከነኝ፣ እናቴ ትመስክር፣ ቤቱን ሁሉ ነው የምበጠብጠው።

ነገሩ የተጀመረው በቅጣት ነው። እኔና የዴስክ ጓደኛዬ ትምህርት ላይ ስናወራ ተያዝንና ቤተ መጻሕፍት ሄደን የአሮጌ መጻሕፍት አቧራ እንድናራግፍ ታዘዝን። ከአንዱ ካርቶን ሥር ስለ ቤዝቦል የሚያስረዳ ቀጭን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኘሁ። ሽፋኑ ላይ አንዲት ልጅ ጸጉሯን እንደኔ በአንድ አስራ፣ አቧራ በአቧራ ሆና ትሮጣለች። ከኋላዋ ሰፊ ሜዳ ነው። አንድም ወንድ የለም።

«ይሄ ሜዳ የማነው?» አልኳት ጓደኛዬን።

«የሷ ነዋ» አለችኝ፣ ሽፋኑን በጨርቅ እየጠረገች።

ያኔውኑ ወሰንኩ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ረቡዕ፣ በረጅሙ እረፍት፣ ሜዳው የእኛ ይሆናል።

የስፖርት መምህራችን መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩት። «ዱላውን ከየት ታመጪዋለሽ? ጓንቱንስ?»

«ቲቸር፣ በእግር ብናደርገውስ?»

«እሱማ አለ፣ ኪክቦል ይባላል። ሕጉ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ኳሱን መሬት ለመሬት ያንከባልሉልሻል፣ ትለጊያለሽ፣ ትሮጫለሽ። በይ ሕጉን ወደ አማርኛ መልሺውና እናያለን።»

ይህን ያሉኝ እንድተዋቸው ይመስለኛል። አልተውኳቸውም። ማታ ማታ እናቴ የስፌት መኪናዋ ላይ ስትሠራ እኔ ከጎኗ መዝገበ ቃላት ይዤ እቀመጥ ነበር። እናቴ ጌጃ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት፤ በሠፈሩ ያለ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ግማሹ በእጇ ያለፈ ነው። አንድ ቀን ክር እየቆረጠች ደብተሬ ላይ ዓይኗን ጣል አደረገችና ቀጥ አለች።

«‹ሁለተኛውን ቤት ስረቂ›? ምንድን ነው ይሄ?»

«ጨዋታ ነው እማዬ።»

«ቤት መዝረፍ ነው ጨዋታው? ዩኒፎርም ሰፍቼ የላክሁሽ ለዚህ ነው?»

ኳሱ ሳይለጋ ወደሚቀጥለው ቦታ ሹልክ ማለት ስርቆት እንደሚባል ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። በማግስቱ መምህሩ ኪክቦል ላይ ስርቆት ክልክል መሆኑን ሲነግሩኝ ሰረዝኩት። እናቴ ስትሰማ፣ «ተመስገን፣ እነሱም ልብ ገዙ» አለች።

መዝገበ ቃላቱ ከእናቴ የባሰ አስቸገረኝ። ቤዝ የሚለው ቃል «መሠረት» ይላል። አንደኛ መሠረት፣ ሁለተኛ መሠረት፤ ሜዳ ላይ እየሮጡ ይህን መጮህ አይሆንም። እኔም ከሰኞ ማክሰኞ ወስጄ «ቤት» አልኩት። ሰኞ ማክሰኞ ላይ እየዘለልን የምንሠራትን ቤት የማታውቅ ልጅ የለችማ! ተነስተን የምንሮጥበትንና ዞረን የምንመለስበትን ቦታ ደግሞ «እናት ቤት» አልኩት። እስከዚህ ጥሩ ነው። ፍላይ ቦል የሚለው ላይ ስደርስ ግን ደክሞኝ ነበር። ፍላይ ብዬ ፈለግሁ፣ «ዝንብ» ይላል፣ ጻፍኩ። «ዝንቧ ኳስ መሬት ሳትነካ ከተያዘች፣ የለጋችው ልጅ ትቃጠላለች።»

መምህሩ ይህንን አንብበው ወንበራቸውን ተደግፈው ሳቁ። «ልጄ፣ አየር ላይ ያለች ኳስ ማለት ነው እኮ!» ገባኝ። ግን አልፎ ነበር፤ የክፍላችን ልጆች ገልብጠውታል፣ ወደውታልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኳስ ወደ ላይ ስትነሳ ዘጠነኛ ኤ በሙሉ «ዝንብ! ዝንብ!» ይላል።

አራት ጆንያ ከተክለ ሃይማኖት እህል ነጋዴዎች ለምኜ አመጣሁ። በመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቦታ በአራት ጥግ አነጠፍናቸው፤ አንደኛ ቤት፣ ሁለተኛ ቤት፣ ሦስተኛ ቤት፣ እናት ቤት። ጨዋታው ሲነገር ቀላል ነው። የአንዱ ቡድን ልጅ እናት ቤት ቆማ የምትንከባለልላትን ኳስ ትለጋለች፤ ሦስቱን ቤቶች በተራ ረግጣ እናት ቤት ከተመለሰች አንድ ነጥብ። የሌላው ቡድን ልጆች ሜዳው ላይ ተበትነው ኳሱን ይይዛሉ። ዝንብ ከያዙ ለጊዋ ተቃጠለች። ኳሱ አንደኛ ቤት ቀድሟት ከደረሰ ተቃጠለች። ቤት ሳትረግጥ ኳስ ካስነኳት ተቃጠለች። ሦስት ሲቃጠሉ ተራ ይቀየራል።

ሲነገር ነው ቀላል። የመጀመሪያው ቀን አንድ ልጅ ለጋች፣ ኳሱ ወደ ጥግ ሄደ፣ ዘጠኙም ልጆች ተንጋግተው ወደ ጥግ! እግር ኳስ ስናይ ስለኖርን ኳስ ያለበት ሁሉ መሮጥ ነው የምናውቀው። ሯጯ ሦስቱንም ቤቶች በእርምጃ ዞራ እናት ቤት ገባችና ቆማ ጠበቀችን።

«ቤታችሁን ጠብቁ!» ብዬ ጮህኩ። «ኳሱ ይመጣላችኋል፣ እናንተ አትሂዱለት! ኳሱ ሳይመጣ ደግሞ ለማን እንደምትወረውሩ አስቡ!»

ይህችን ምክር ከመጽሐፉ ያገኘኋት ናት፤ በኋላ እንዳየሁት ከሁሉም ትበልጣለች። ኳስ ከያዝሽ በኋላ ማሰብ ከጀመርሽ ሯጯ አልፋሻለች።

የባሰው ችግር ግን ሌላ ነበር። የዴስክ ጓደኛዬ አንደኛ ቤት ገብታ ቆማለች። ቀጥላ የለጋችው ልጅ ሮጣ መጣች። ጓደኛዬ ንቅንቅ አትልም።

«ሂጂ እንጂ! ወደ ሁለተኛ!»

«ለምን እሄዳለሁ? ቤቴ ነው። ሮጬ ነው የገባሁት።»

«አንድ ቤት ሁለት ሰው አይዝም!»

«ታዲያ እሷ ትመለስ!»

ሁለቱም አንድ ጆንያ ላይ ቆመው እየተገፋፉ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ «ቤት» ብዬ ሰይሜዋለሁ፤ ሰኞ ማክሰኞ ላይ ደግሞ የሠራሽውን ቤት ማንም አይረግጥብሽም። ለጓደኛዬ ከዚያም በላይ ነበር። በዚያው ሰሞን የሠፈሯ ቤቶች ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎባቸው ነበር፤ የልማት ተነሺዎች ናችሁ ተብለዋል፤ ቤተሰቦቿ ዕጣቸው የት እንደሚወጣ እየጠበቁ ነበር። እኔ ይህን አላሰብኩም፤ ከኋላዋ የምትለጋ ልጅ ከመጣች ቤቷን የግድ መልቀቅ እንዳለባት፣ ኳሱ ሁለተኛ ቤት ቀድሟት ከደረሰ እንደምትቃጠል ከደብተሬ አነበብኩላት።

ሰምታኝ ስታበቃ ሳቋ መጣ። «አሃ! እንደዚያ በይኛ። ሠፈርም ተነሺ፣ ጨዋታም ላይ ተነሺ!»

ሳቅን። ስሙም በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲያ ከኋላዋ ሯጭ የምትመጣባት ልጅ ስትኖር ጓደኛዬ ከሁሉም ቀድማ፣ «ተነሺ!» ብላ ትጮሃለች፤ ያቺም ትነሳለች። አንድም ሰው ግራ አልተጋባም። መጽሐፉ ሁለት ገጽ የፈጀበትን ነገር እሷ በአንድ ቃል ጨረሰችው።

ለሁለት ሳምንት ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ተለማመድን። ተለማመድን ስል፣ ተጣላን ማለቴም ነው። አንድ ቀን ነጥብ ተቆጠረ አልተቆጠረም በሚል ሁለት ልጆች ጸጉር ለጸጉር ተያይዘው መምህሩ ናቸው ያላቀቁዋቸው። እኔም በዚያው፣ ሌላ ቀን ሳልጠብቅ፣ «ቲቸር፣ ሜዳውን ረቡዕ ረቡዕ ይስጡን» አልኳቸው።

«አሁን? ይሄን ካየሁ በኋላ?»

«አሁን።»

«እሺ። ከዘጠነኛ ቢ ሴቶች ጋር አንድ ሙሉ ጨዋታ፣ አምስት ዙር። ማሸነፍ አይደለም የምፈልገው። ሳትጣሉ ጨርሱ። ነጥብ እቆጥራለሁ እንጂ ጭቅጭቅ አልዳኝም። በጭቅጭቅ ከተቋረጠ ፊሽካ ነፍቼ ሜዳውን ለወንዶቹ እመልሳለሁ፣ እናንተም ወደ ሱዚያችሁ። ካለቀ ግን ረቡዕ የእናንተ ነው።»

የወንዶቹ አምበል አጠገባችን ቆሞ ይሰማ ነበር። «ቲቸር፣ ሁለት ዙር አይደርሱም። ማርያምን! እኛ ኳሳችንን ይዘን ዳር ላይ እንጠብቃለን።»

«ጠብቁ» አልኩት። «ግን ግድግዳውን ተደገፉ፣ እግራችሁን እንዳያማችሁ።»

ዘጠነኛ ቢዎች ጨዋታውን ስለማያውቁት ሕጉን ገልብጬ እንድሰጣቸው መምህሩ አዘዙኝ። የቢዎች አለቃ ረጅም፣ ቶሎ የማትስቅ ልጅ ናት፤ አባቷ ሰንጋ ተራ ሱቅ አለው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ከባንኮኒ ኋላ የቆመች ስለሆነች ማንም አይሸውዳትም ይባላል። ለእሷ ነበር የምገለብጠው። ሁሉንም ጻፍኩላት። ከሁሉም የምትረዝመውን ሕግ ሳይቀር እጄ እስኪዝል ሙሉዋን ገለበጥኳት። «ሦስተኛዋ የተቃጠለችው ለጊዋ ራሷ ከሆነች፣ አንደኛ ቤትም ሳትደርስ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ሌላ ልጅ እናት ቤት ብትገባም ነጥቡ አይቆጠርም።»

የዝንብ ሕግ ላይ ስደርስ ግን እስክሪብቶዬ ቆመ። ሕጉ ሙሉው እንዲህ ነው፤ «ዝንብ ከተያዘ ሯጮች ወደነበሩበት ቤት ይመለሳሉ፤ ቤታቸውን ረግጠው ግን ዝንቧ እንደተያዘች እንደገና መውጣትና መሮጥ ይችላሉ።» ሁለተኛዋ ክፍል ወርቅ ናት። ኳሱ ሩቅ ሄዶ ሲያዝ ሁሉም አለቀ ብሎ ይዘናጋል፤ አንቺ ያኔ ነው የምትወጪው። መጽሐፉ ላይም ስልት በሚለው ሥር ነው የተጻፈችው። «ስልት ደግሞ ለተጋጣሚ አይነገርም» አልኩ ለራሴ። «ይመለሳሉ» ከሚለው ቃል በኋላ አራት ነጥብ አደረግሁና ወረቀቱን አጠፍኩት።

የጨዋታው ቀን ግድግዳው በወንዶች ተሞላ። አምበላቸው ኳሱን ታቅፎ መሃል ላይ ቁጢጥ ብሏል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ቢዎች ልክ እንደ እኛ የመጀመሪያ ቀን ኳስ ወዳለበት እየተንጋጉ አለፉ። ሦስት ነጥብ አስገባን። እኔ ማንም ወደሌለበት በእርጋታ መለጋትን አስተምሬያቸው ነበርና ልጆቻችን በኃይል አይለጉም፤ አይተው ነው የሚለጉት። በሦስተኛው ዙር ግን አለቃቸው ወረቀቷን ከካልሲዋ አውጥታ አነበበች፤ ልጆቿን ሰብስባ አንድ ነገር ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ አንደኛ ቤት የምትጠብቀው ልጅ ጆንያዋ ላይ ተተክላ ቀረች። ደግሞም እግራቸው ጠንካራ ነው። አራት ለሦስት፣ አምስት ለአራት እየመሩ፣ አምስተኛው ዙር ላይ ስድስት ለአምስት ሆኑ። የመጨረሻው ተራ የእኛ ነበር።

እስከዚያ ድረስ ሁለት ጊዜ ለጠብ ደርሰን ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ጓደኛዬ በቀልድ አለፈችው። አንዷ «አስነክቼሻለሁ!» ስትል ሌላዋ «አልነካሽኝም!» ስትል፣ «ረቡዕ ሲመጣ ትነካካላችሁ» ትላለች።

እኔ ለጋሁ፣ አንደኛ ቤት ገባሁ። የምትቀጥለዋ ለጋች፤ እሷ ተቃጠለች፣ እኔ ግን እነሱ እሷን ሲያዩ ሦስተኛ ቤት ደረስኩ። አንድ ተቃጥሏል። እናት ቤት ከፊቴ ናት። ከገባሁ ስድስት ለስድስት።

ቀጥላ የለጋችው ረጅሟ ልጃችን ናት። ከሥሩ ለጋችውና ኳሱ ወደ ሰማይ።

«ዝንብ! ዝንብ!»

ሁሉም ቀና አለ። እኔ ቀና አላልኩም። አንድ እግሬን ጆንያዬ ላይ አድርጌ የአለቃቸውን እጆች ብቻ ነበር የማየው። ወደ ኋላ ሮጠች፣ ሮጠች፣ ያዘችው! ቢዎች ዘለሉ፣ ተቃቀፉ። እኔም ያኔ ወጣሁ። እናት ቤትን ስረግጥ ኳሱ ገና እቅፏ ውስጥ ነበር።

ልጆቻችን አበዱ። ስድስት ለስድስት!

አለቃቸው ግን እየሮጠች ሳይሆን እየተራመደች መጣች። ወረቀቷን ከካልሲዋ አወጣች።

«‹ዝንብ ከተያዘ ሯጮች ወደነበሩበት ቤት ይመለሳሉ።› አራት ነጥብ። የታለ ትወጣለች የሚለው?»

«ተመልሼ እኮ ነው የወጣሁት!»

«የታለ? አሳዪኛ!»

«አጭበርባሪ ናት!» አለች አንዷ ከኋላዋ። «ለሷ ሲሆን ሕግ ትጨምራለች!»

«እናንተ ማንበብ ካልቻላችሁስ?» አለች የእኛዋ።

ግድግዳው ላይ የነበሩት ወንዶች ተነሱ። «አለቀ! ተጣሉ!» አምበላቸው ኳሱን መሬት ላይ አነጠረው። መምህሩ ፊሽካቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው እኔን ያዩኛል። ደብተሬ እጄ ላይ ነው፤ ሙሉው ሕግ እዚያው ላይ አለ፤ መግለጥ ብቻ ነው። ጓደኛዬ ጆሮዬ ላይ፣ «ግለጪው፣ ስልት ነው» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር መግለጥ ጀምሬ ነበር። ግን ብገልጠው ምን ይሆናል? ሁለት ጽሑፍ አለ፤ ሁለቱም የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። እስኪጠግቡ ይጨቃጨቁበታል። ኳሱ ደግሞ እየነጠረ ነው።

«ወረቀቷ ላይ የለም» አልኩ። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ሙሉውን አልገለበጥኩላትም።»

የእኛዎቹ ከቢዎች ይልቅ ነበር የተቆጡት፤ አንዷ «እብድ ናት እንዴ?» ስትል ሰምቻለሁ። እኔ ወደ ሦስተኛ ቤት ተመልሼ ጆንያዋ ላይ ቆምኩ። ስድስት ለአምስት። ሁለት ተቃጥሏል። መምህሩ ፊሽካውን ከአፋቸው አወጡ። አለቃቸው ወረቀቷን አጥፋ ወደ ካልሲዋ መለሰች።

የቀረችው ለጊ የዴስክ ጓደኛዬ ነበረች። ሰውነቷ ትንሽ ነው፣ በኃይል አትለጋም፤ ግን አትቸኩልም፣ አትደነግጥም። ኳሱ ተንከባለለላት። ጫፉን ነካ አደረገችው፤ ከፊቷ ጥቂት እርምጃ ሄዶ ቆመ። ሁለት ሲቃጠል ሳያመነቱ መሮጥ ነውና ሮጥኩ። እናት ቤትን በሁለት እግሬ ዘልዬ ረገጥኩ፤ ከዚያ ዞርኩ።

ኳሱ አንደኛ ቤት ላይ ያለችው ልጅ እጅ ውስጥ ነበር። ያቺ የተተከለችው ልጅ። ጓደኛዬ አንድ እርምጃ ቀርቷት ነበር፤ አንድ ብቻ።

የእኛዎቹ ግን እኔን ነው ያዩት። «ገባች! ስድስት ለስድስት! ቀድማ ገብታለች!» ቢዎች እርስ በርስ ተያዩ። አለቃቸው ጎንበስ ብላ እጇን ወደ ካልሲዋ ሰደደች። ምን እንደምትፈልግ አውቄ ነበር፤ ከሁሉም የምትረዝመውን፣ እጄ እስኪዝል የገለበጥኳትን።

«አይቆጠርም» አልኩ፣ ወረቀቱ ሳይወጣ። «ሦስተኛዋ አንደኛ ቤት ሳትደርስ ነው የተቃጠለችው። ስድስት ለአምስት። እናንተ ናችሁ ያሸነፋችሁት።»

መምህሩ ፊሽካቸውን ነፉ፣ ረጅሙን። ወንዶቹ ወደ ሜዳው ሊገቡ ሲሉ እጃቸውን ዘርግተው አገዱዋቸው። «ረቡዕ የእነሱ ነው» አሉ። «አልቋል።»

የጮኽነውን ጩኸት እናቴ ጌጃ ሰፈር ሆና የሰማችው ይመስለኛል። ጓደኛዬ አንደኛ ቤት ላይ እንደወደቀች ተቀምጣ፣ «ተሸንፈናል እኮ!» እያለች ትስቃለች። ቢዎች መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ አሸናፊዎቹ እነሱ፣ የሚጨፍሩት እኛ። ቀስ ብለው ገባቸውና አብረውን ጮኹ።

ያቺ ስድስተኛ ነጥብ ግን፣ የዝንቧ፣ እስከ አሁን የእኔ ናት እላለሁ። በትክክል ነው የገባሁት። እንኳን ያኔ ዛሬም ትቆጨኛለች።

በቀጣዩ ረቡዕ ደወሉ ሲደወል ጆንያዎቻችንን ታቅፈን ነበር የምንጠብቀው። ወንዶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፣ ኳሳቸው እግራቸው ሥር ነው። ጆንያዎቹን ሳነጥፍ የቢዎች አለቃ ከጀርባዬ መጣች። ያንኑ ወረቀት፣ ከብዙ መታጠፍ የለሰለሰውን፣ ከእስክሪብቶ ጋር ዘረጋችልኝ። ከ«ይመለሳሉ» በኋላ ያለችውን አራት ነጥብ በደንብ ፍቃዋለች፤ ወረቀቱ እዚያች ላይ ሳስቷል።

«ቀጥይው» አለችኝ።

ሦስተኛ ቤት ላይ ተንበርክኬ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቀጠልኩት።